ላይብረሪው አለ፣ ፕሮግራሙ ግን አያገኘውም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ኮድ የሚጽፉ ልጆች ደጋግመው የሚያመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ኮማንዶቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ትተይቧቸዋላችሁ።

ሼርድ ላይብረሪ ምንድን ነው? ኮዱ ሁሉ ለምን አንድ ፋይል ውስጥ አይጠቃለልም?

ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ኮምፓይል ተደርጎ (ወደ ማሽኑ ቋንቋ ተተርጉሞ) የተዘጋጀ ኮድ ነው። ምስል የሚከፍት ፕሮግራም ሁሉ ፒኤንጂ ፋይል እንዴት እንደሚነበብ ከዜሮ አይጽፍም፤ ሊብፒኤንጂን ይጠራል። ሊብፒኤንጂም በተራው የታመቀውን ዳታ ለመፍታት ዚሊብን ይጠራል። የፋይሉ ስም ሊኑክስ ላይ በ«ኤስኦ»፣ ማክ ላይ በ«ዲላይብ»፣ ዊንዶውስ ላይ በ«ዲኤልኤል» ያልቃል።

ማጠቃለልም ይቻላል። ስታቲክ ሊንኪንግ ይባላል፤ ለትንንሽ ፕሮግራም እኔም አደርገዋለሁ። ግን ዚሊብ ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ እንበል። ላይብረሪው የጋራ ከሆነ አንድ ፋይል ትቀይራላችሁ፣ አበቃ። ካልሆነ ዚሊብን የዋጠውን ፕሮግራም ሁሉ እየፈለጋችሁ እንደገና መሥራት ነው። የጋራው ዋጋ ደግሞ ፍለጋ ነው። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ላይብረሪው ያለበት ቦታ መገኘት አለበት።

«ካኖት ፋይንድ -ኤልፒኤንጂ» ይለኛል። ላይብረሪው ግን ማሽኔ ላይ አለ። ምን ጎደለ?

ይህን የሚለው ሊንከሩ ነው፤ ኮዳችሁን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም። ሊብፒኤንጂን አላገኘሁም ማለቱ ነው። ማሽናችሁ ላይ ያለው፣ ፕሮግራም ለማስኬድ የሚበቃው ክፍል ነው። ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገው አልተጫነም። ኡቡንቱና ዴቢያን የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን ላይብረሪ ለሁለት ፓኬጅ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ፕሮግራሞች ሲነሱ የሚፈልጉትን ፋይል ይይዛል። ሁለተኛው፣ ስሙ በ«-ዴቭ» የሚያልቀው፣ ሄደር ፋይሎቹን (ላይብረሪው ውስጥ ምን ፈንክሽን እንዳለ ለኮምፓይለሩ የሚናገሩትን) እና ቁጥር የሌለበትን ስም ይይዛል። ሊንከሩ የሚፈልገው ይህን ቁጥር የሌለበትን ስም ነው። «ሊብፒኤንጂ16.ኤስኦ.16» እዚያው ተቀምጦ «ሊብፒኤንጂ.ኤስኦ» ከሌለ «አላገኘሁም» ብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ሊብፒኤንጂ-ዴቭ»። ፌዶራ ላይ ጫኙ ዲኤንኤፍ ነው፤ የፓኬጁ ስምም በ«-ዴቬል» ያልቃል። አርች ሊኑክስ ለሁለት ስለማይከፍል ይህ ችግር እዚያ የለም። ፓኬጇ ትንሽ ናት፤ የሞባይል ዳታችሁን አትጨርስም።

ትንሿ ኤልና ትልቋ ኤል ይምታቱብኛል።

ሁለቱም ከኮምፓይል ኮማንዱ ጋር ከሰረዝ ቀጥለው የሚጻፉ ፊደሎች ናቸው። ትንሿ ኤል ስም ናት፣ ትልቋ ኤል ቦታ። ከትንሿ ኤል ቀጥሎ «ፒኤንጂ» ስትሉ ሊንከሩ ከፊት «ሊብ»፣ ከኋላ «.ኤስኦ» ራሱ ይጨምራል። እናንተም «ሊብ» ከጨመራችሁ «ሊብሊብፒኤንጂ» የሚባል ፋይል ፍለጋ ይወጣል። ከትልቋ ኤል ቀጥሎ የሚመጣው የፎልደር ስም ነው። ሄደር ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር የምትናገረው ደግሞ ትልቋ አይ ናት። እሷና ትንሿ ኤል በአንዳንድ ፎንት መንታ ናቸው። ሰዓታችሁን ከምትበሉ ፎንቱን ቀይሩት።

ኮምፓይሉ ያለ ችግር አለቀ። ሳስነሳው ግን «ኢረር ዋይል ሎዲንግ ሼርድ ላይብረሪስ» ብሎ ይሞታል። እንዴት?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ፈላጊዎቹ ሁለት መሆናቸውን ያወቀ ሰው የዚህ ገጽ ግማሹ አያስፈልገውም። አንደኛው ሊንከሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሎደሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይፈልጋል። ሁለቱ አይነጋገሩም። የባጃጅ ሹፌር ይዛችሁ «ከገብርኤል አደባባይ ወደ አሞራ ገደል ውረድ፣ ከዚያ በግራ ታጠፍ» እያላችሁ ጓደኛችሁ ቤት ደረሳችሁ። በማግስቱ ሌላ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ዝም ብትሉ ሹፌሩ ቤቱን ከየት ያውቀዋል? በትልቋ ኤል የሰጣችሁትን ቦታ የሰማው ሊንከሩ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፈው በነባሪው የላይብረሪው ስም ብቻ ነው፤ የነበረበት ፎልደር አይጻፍም።

መጀመሪያ «ኤልዲዲ» ከፕሮግራሙ ስም ጋር ስጡት። የሚፈለጉትን ላይብረሪዎች ይዘረዝርና የጠፋው አጠገብ «ኖት ፋውንድ» ይላል። ከማታምኑት ሰው በመጣ ፕሮግራም ላይ ግን ኤልዲዲን አትሞክሩ፤ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ለእንደዚያ ያለው «ሪድኤልፍ -ዲ» አለ፤ ፋይሉን ያነባል እንጂ አያስነሳም።

የጠፋው ላይብረሪ ራሳችሁ ከሶርስ ሠርታችሁ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ የጫናችሁት ከሆነ መፍትሔው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ»። ሎደሩ እያንዳንዱን ፎልደር አያስስም። /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ካሽ የሚባል ማውጫ ያነባል። ኤልዲኮንፊግ ያንን ማውጫ ያድሳል። የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ልታቀርብ አንድ ሰዓት የቀራት ልጅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና ልትጭን ፍላሽ ይዛ መጥታ ነበር። ይህችን መስመር ጽፈን ሄደች። ፌዶራ ላይ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ከመነሻው ኤልዲኮንፊግ በሚያያቸው ፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ውስጥ የፎልደሩን ስም የያዘ አንድ ፋይል ጨምሩና ኤልዲኮንፊግን ከዚያ አስኪዱት።

ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን ባሽአርሲ ውስጥ አስቀምጬ ልገላገል?

አትገላገሉም። ባሽአርሲ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር የሚነበብ ፋይል ነው፤ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ደግሞ ሎደሩ የሚፈልግባቸውን ተጨማሪ ፎልደሮች የሚይዝ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ነው። ለአንድ ጊዜ ሙከራ በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ከኮማንዱ ፊት ጽፋችሁ ታስነሳላችሁ፣ ያልፋል። ባሽአርሲ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ግን ከዚያ ተርሚናል የሚነሳ ፕሮግራም ሁሉ እዚያ ፎልደር ይሄዳል፣ የማይመለከተው ጭምር። እኔ አንድ ጊዜ ራሴ የሠራሁትን ኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ላይብረሪ) የያዘ ፎልደር እንዲህ አስቀምጬ ረሳሁት። ከሳምንት በኋላ ጊት አላወርድ አለኝ፣ ከርልም እንደዚያው። ግማሽ ቀን ኔትወርኩን ስራገም ዋልኩ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

ሱዶን በመሰሉ፣ የሌላ ተጠቃሚ ሥልጣን ይዘው በሚነሱ ፕሮግራሞች ላይ ደግሞ ሎደሩ ይህን ተለዋዋጭ ሆን ብሎ ችላ ይለዋል። «ጽፌዋለሁ፣ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አርፓዝ ምንድን ነው? መቼ ልጠቀምበት?

አድራሻውን ፕሮግራሙ ኪስ ውስጥ ጽፎ መክተት ነው። ሎደሩ ፕሮግራሙን ሲከፍት ያነበዋል። ለጂሲሲ (ለሲ ኮምፓይለሩ) «-ደብሊውኤል,-አርፓዝ,» ብላችሁ ፎልደሩን ታስከትላላችሁ። ፕሮግራሙንና ላይብረሪዎቹን አንድ ላይ አሽጋችሁ ለሰው የምትሰጡ ከሆነ ሙሉ አድራሻ አትጻፉ፤ የእናንተ የሆም ፎልደር ስም በሰው ማሽን ላይ ትርጉም የለውም። «ዶላር ኦሪጂን» በሉ። ፕሮግራሙ ራሱ ያለበት ፎልደር ማለት ነው። ከኋላው «/ሊብ» ካላችሁ አጠገቡ ያለውን ሊብ ፎልደር ያያል። በነጠላ ጥቅስ ክበቡት፤ አለበለዚያ ሼሉ የዶላሩን ምልክት አይቶ የራሱ መስሎት ባዶ ያደርገዋል። ሜክፋይል (የኮምፓይል ትእዛዞቹ የሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ከሆነ ዶላሩ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ። አርፓዝ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ከኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ይቀድማል። ረንፓዝ የሚባለው አዲሱ ግን ከእሱ ቀጥሎ ይታያል፤ የሚያገለግለውም ፕሮግራሙ በቀጥታ ለሚጠራቸው ላይብረሪዎች ብቻ ነው። ሊብፒኤንጂ ተገኝቶ እሱ የሚጠራው ዚሊብ ጠፋ የሚባለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ለላይብረሪውም የራሱን ረንፓዝ መስጠት ነው። ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀን ፋይል «ፓችኤልፍ» ያስተካክልላችኋል።

ፒኬጂ-ኮንፊግ ምን ይጠቅመኛል?

አንዱ ሲስተም ላይብረሪዎቹን /ዩኤስአር/ሊብ64 ውስጥ ያኖራል፣ ሌላው /ዩኤስአር/ሊብ/ኤክስ86_64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ ውስጥ። አድራሻውን ሜክፋይል ውስጥ በእጃችሁ ከጻፋችሁ ፌዶራ ያለው ጓደኛችሁ ጋ ሲደርስ ፉርሽ ነው። ፒኬጂ-ኮንፊግ «ሊብፒኤንጂ የት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት በዚያ ማሽን ላይ ትክክል የሆነውን መልስ ይሰጣል። መልሱን የሚያነበው ላይብረሪው ይዞት ከሚመጣው በ«.ፒሲ» ከሚያልቅ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። ክፈቱት፤ ሲያዩት ይገባል።

ላይብረሪውን ለየት ያለ ቦታ ከጫናችሁት ፒኬጂ_ኮንፊግ_ፓዝ ውስጥ የ.ፒሲ ፋይሉን ፎልደር ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የላይብረሪውን ፎልደር ይጽፋል። የሚፈለገው በውስጡ ያለው «ፒኬጂኮንፊግ» የሚባለው ነው። የሚነግረውም ለሊንከሩ የሚሆነውን ነው። ሎደሩን ከላይ ባልነው መንገድ ለብቻው ታሳውቁታላችሁ።

ሲሜክ አዲሱን ላይብረሪ ትቶ የድሮውን ያነሳል። ምን ላድርገው?

ሲሜክ፣ ላይብረሪዎቹን ፈልጎ የቢልድ ትእዛዞቹን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ አንዴ ያገኘውን አይረሳም። መጀመሪያ ሲሮጥ ያገኛቸውን አድራሻዎች ሲሜክካሽ.ቲኤክስቲ ውስጥ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ላይብረሪ ብትጭኑም የጻፈውን ያነባል። የቢልድ ፎልደሩን አጥፉና እንደገና ጀምሩ። «-ዲ» ብላችሁ «ሲሜክ_ፕሪፊክስ_ፓዝ» ላይ የምትፈልጉትን ቦታ ስጡት። የምትሰጡት ሊብና ኢንክሉድ ፎልደሮችን አንድ ላይ የያዘውን ነው፤ ሊብን ራሱን አይደለም።

ሌላ የምሰማው ቅሬታ «ቢልድ ፎልደር ውስጥ ይሠራል፣ ኢንስቶል ሳደርገው ግን ላይብረሪ ጠፋ ይላል» የሚል ነው። ሲሜክ ለሙከራ እንዲመቻችሁ አርፓዝ ራሱ ይጨምራል፤ ሲጭነው ያነሳዋል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ «ሲሜክ_ኢንስቶል_አርፓዝ» ውስጥ ጻፉት።

ኮንፊገር ስክሪፕቱ «ላይብረሪው የለም» ይላል። አለ እኮ!

ኮንፊገር ከሶርስ ኮዱ ጋር የሚመጣ፣ ከኮምፓይል በፊት ማሽናችሁን የሚፈትሽ ስክሪፕት ነው። ኮንፊግ.ሎግን ክፈቱ። ስክሪፕቱ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ኮምፓይል ለማድረግ ይሞክራል፤ በማንኛውም ምክንያት ካልተሳካ «የለም» ይላል። እውነተኛው ምክንያት ሎጉ ውስጥ ነው፦ ሄደር ፋይል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ላይብረሪ ጎድሎም ሊሆን ይችላል። ቦታ ለመንገር ትልቋን አይ በሲፒፒፍላግስ፣ ትልቋን ኤል በኤልዲፍላግስ ስጡ።

ላይብረሪው ተገኝቷል፣ ግን «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» በገፍ ይወርድብኛል።

የጠራችሁት ፈንክሽን አልተገኘም ማለት ነው። መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን እዩ። ሊንከሩ ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። የእናንተ ፋይል ሳይመጣ በፊት ላይብረሪውን ካየ ማንም ስላልፈለገው አልፎት ይሄዳል። ይህ በስታቲክ ላይብረሪ ላይ ሁልጊዜም አለ። ኡቡንቱ ደግሞ ከ11.10 ጀምሮ ያልተፈለገን ሼርድ ላይብረሪ እንዲተው አድርጎ ሊንከሩን ስላዘጋጀው እዚያም ይደርስባችኋል። የእናንተ ፋይሎች ይቅደሙ፣ ላይብረሪዎቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ።

ሁለተኛው ሲና ሲ++ ሲደባለቁ ነው። ሲ++ የፈንክሽን ስሞችን አዛብቶ ይጽፋል፤ ሲ ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል። ሄደሩ ላይ «ኤክስተርን ሲ» ከሌለ አይገናኙም። ኢረሩ ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ካያችሁ ደግሞ ላይብረሪው የተሠራው በድሮ ጂሲሲ ሊሆን ይችላል። በ2015 የወጣው ጂሲሲ 5 የስትሪንግን አሠራር ቀይሮታል። ላይብረሪውን በአዲሱ እንደገና ከመሥራት የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ላይብረሪዎቹን በፍላሽ ገልብጬ ወደ ሌላ ማሽን ወሰድኳቸው። አልሠሩም። ለምን?

ፍላሾች ባብዛኛው የሚመጡት ፋት32 ወይም ኤክስፋት በሚባል ፎርማት ነው። እነዚህ ሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም፣ መያዝ አይችሉም። የላይብረሪ ፎልደር ደግሞ ሲምሊንክ የሞላበት ነው፤ ቁጥር የሌለው ስም ቁጥር ወዳለው የሚጠቁመው በሲምሊንክ ነው። ስትገለብጡ ትልልቁ ፋይል ያልፋል፣ ጠቋሚዎቹ ይቀራሉ። በ«ታር» አንድ ፋይል አድርጋችሁ ጠቅልሉና ውሰዱ፤ እዚያ ስትፈቱት ሁሉም እንዳለ ይመጣል።

ዊንዶውስ ላይ «ዲኤልኤል ዋዝ ኖት ፋውንድ» ለሚለውስ?

ዊንዶውስ አርፓዝ የሚባል ነገር አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ነው፤ የሲስተም ፎልደሮቹ ይከተላሉ፣ ፓዝ የሚባለው ተለዋዋጭ የያዛቸው ፎልደሮች መጨረሻ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዲኤልኤሉን ከፕሮግራሙ ጎን አስቀምጡ። የጠፋው «ቪሲረንታይም140» ከሆነ የማይክሮሶፍትን ቪዥዋል ሲ++ ሪዲስትሪቢዩተብል ጫኑ። ዲኤልኤል በነጠላ ከሚያድሉ ድረገጾች አታውርዱ። ቫይረስ ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ሊንክ ለማድረግ የሚያስፈልገው ግን ዲኤልኤሉ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ትንሹ የ«.ሊብ» ፋይል ነው። በ«7ቢ» የሚያልቅ ረጅም የስህተት ቁጥር ካያችሁ ብዙ ጊዜ 32 ቢትና 64 ቢት ተደባልቆባችኋል።

ማክ ላይስ?

ማክ ላይ እያንዳንዱ ላይብረሪ «የምገኘው እዚህ ነው» የሚል አድራሻ በራሱ ውስጥ ይዟል። ሊንከሩ ያንን ገልብጦ ፕሮግራሙ ውስጥ ይጽፋል። «ኦቱል» በትልቋ ኤል ያሳያችኋል፤ «ኢንስቶል_ኔም_ቱል» ይቀይረዋል። ሆምብሩ (ማክ ላይ ፓኬጅ የሚጭነው ፕሮግራም) በኢንቴል ማክ ላይ /ዩኤስአር/ሎካል፣ በአፕል ቺፕ ላይ ደግሞ /ኦፒቲ/ሆምብሩ ውስጥ ስለሚጭን የድሮ ሜክፋይል አዲስ ማክ ላይ ቢሰናከል አይግረማችሁ። በ«ዲዋይኤልዲ» የሚጀምሩ ተለዋዋጮችም ከ2015ቱ ኤል ካፒታን ወዲህ በሲስተሙ ሼል ውስጥ ሲያልፉ ይሰረዛሉ።

«ጂሊብሲ 2.34 ኖት ፋውንድ» ይላል። ጂሊብሲን ላሳድገው?

በፍጹም! ጂሊብሲ የሲ መሠረታዊ ላይብረሪ ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። በእጃችሁ ስትቀይሩት ቢበላሽ «ኤልኤስ» እንኳ አይነሳላችሁም። ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ የተሠራበት ቦታ ነው። ጂሊብሲ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይስማማም፦ በድሮው ላይ የተሠራ በአዲሱ ላይ ይነሳል፣ በአዲሱ የተሠራ በድሮው ላይ ላይነሳ ይችላል። ኡቡንቱ 20.04 የያዘው 2.31 ነው፣ 22.04 የያዘው 2.35። 2.34 በ2021 ሲወጣ የፕሮግራም መነሻ ፈንክሽኑ ራሱ አዲስ የቨርዥን ምልክት ተሰጠው። ስለዚህ 22.04 ላይ የተሠራ «ሰላም ዓለም» የሚል ባለ ሦስት መስመር ፕሮግራም እንኳ 20.04 ላይ አይነሳም።

ፕሮግራማችሁ ይደርሳል ብላችሁ ከምታስቡት ማሽን ሁሉ በዕድሜ በሚበልጠው ላይ ሥሩት። ያረጀ ላፕቶፕ መፈለግ አይጠበቅባችሁም። የኡቡንቱ 20.04ን የዶከር ኢሜጅ (ሌላ ሲስተም ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚነሳበት ጥቅል) አንዴ አውርዳችሁ ማስቀመጥ ይበቃል።

«ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 የለም» አለኝ። ኤስኦ.3 ስላለ በዚያ ስም ሲምሊንክ ላድርግለት?

ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ያ ቁጥር የሚቀየረው አዲሱ ላይብረሪ የድሮውን ቦታ መተካት ሳይችል ሲቀር ነው። ስሙን ብትቀይሩለት ውስጡ ያው ነው። ሊብኤስኤስኤል በሚመጣበት በኦፕንኤስኤስኤል ላይ ቢያንስ ሎደሩ ነቅቶ «የ1.1 ምልክቱ የለም» ብሎ ያቆማችኋል። እንዲህ ያለ ምልክት የሌለው ላይብረሪ ላይ ግን ፕሮግራሙ ይነሳና የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል፤ የሂሳብ ሥራ ከሆነ ስህተቱን የምታገኙት ወር ሲዘጋ ነው።

ኡቡንቱ 22.04 ከኦፕንኤስኤስኤል 3 ጋር ስለመጣ ነው ይህ ጥያቄ የበዛው። ሶርሱ ካላችሁ በ3 ላይ እንደገና ኮምፓይል አድርጉት። ከሌላችሁ የፕሮግራሙን አዲስ ቅጂ ፈልጉ። ሁለቱም ካልሆነ የድሮውን ከነላይብረሪው በኮንቴይነር ውስጥ ለብቻው አስቀምጡት። የ1.1.1 ድጋፍ በ2023 ስላበቃ ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት።

ላፕቶፔ ላይ ለራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ኮምፓይል ሳደርግ «ስኪፒንግ ኢንኮምፓቲብል» ይላል። ምን እያለኝ ነው?

ሊንከሩ በስም ትክክል የሆነ ላይብረሪ አግኝቷል፣ ግን የላፕቶፓችሁ ፕሮሰሰር ቋንቋ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ዘሎት ሄደ። የፓዩን ላይብረሪዎች ለብቻ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡና ለጂሲሲ በ«--ሲስሩት» ስጡት። ፒኬጂ-ኮንፊግ ላይ የተለመደውን ፒኬጂ_ኮንፊግ_ፓዝ ከተጠቀማችሁ ዝርዝሩ ላይ ይጨምራል እንጂ የላፕቶፑን አይተወውም። ሙሉ በሙሉ የሚተካው «ፒኬጂ_ኮንፊግ_ሊብዲር» ነው፤ «ፒኬጂ_ኮንፊግ_ሲስሩት_ዲር»ንም አብራችሁ ስጡ። ለሲሜክ ቱልቼይን ፋይል (የሌላውን ማሽን ኮምፓይለር የሚነግረው ፋይል) ውስጥ «ሲሜክ_ፋይንድ_ሩት_ፓዝ» ይጻፋል።

ከጨረሳችሁ በኋላ በተሠራው ፕሮግራም ላይ «ፋይል» የሚለውን ኮማንድ አስኪዱ። ፓዩ 64 ቢት ከሆነ «ኤአርኤም ኤአርች64» ማለት አለበት። «ኤክስ86-64» ካለ የተጠራው የላፕቶፑ ጂሲሲ ነው። የቢልድ ፎልደሩን አጥፉና ከኮምፓይለሩ ስም ጀምሩ።